በመስኮት የወጣንበት ዓመት

ልጅ ሆኜ፣ በዓለም ላይ እንደ አጎቴ ጀልባ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴ በሸራ የተጠቀለለውን ረጅም ዕቃዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ወደ ኮረብታው በወጣች ቁጥር ያቺ ጀልባ አንድ ነገር ትሆናለች። አንድ ቀን ጎኗ ይላቀቃል፣ ሌላ ቀን ወለሏ ይነሳል። አጎቴ መዶሻውን አንስቶ፣ "ምክትል! ነይ እንጂ፣ መርከባችን ልትሰጥም ነው!" ብሎ ይጣራል። እሱ ካፒቴን፣ እኔ ምክትል ካፒቴን ነበርን፤ ከሁለታችን ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። ለእኔ ብሎ እጀታዋን ያሳጠራት ትንሽ መዶሻ ነበረችኝ። ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ የጀልባዋን የቆርቆሮ ጎን ባለ በሌለ ኃይሌ እቀጠቅጠዋለሁ። "በርቺ! አሁንም በርቺ!" ይለኛል። ጆሮዬ እስኪደነቁር እበረታለሁ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ያነሳና አንገቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ ትንሽ ይቆያል።

"በቃ፣ ዳነች" ይላል።

እኔም ዳነች ብዬ ደስ ይለኛል።

ጀልባዋ ምንም አልጎደላትም ነበር። አጎቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ጠብታ ውሃ ሳታስገባ አገልግላዋለች።

ደሴታችን ትንሽ ናት። ጠዋት ተነስቶ በእግሩ የሚዞራት ሰው ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ጠጠራማ ዳርቻ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ ኮረብታ፤ ከኮረብታው ጫፍ የመብራት ማማ። ከዳርቻው ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የድንጋይ ቤት የእኛ ነበር። ድሮ በሽታ የገባባቸው መርከቦች ወደብ እንዳይደርሱ ሲከለከሉ ሕመምተኞቻቸውን የሚያወርዱት እዚህ ቤት ነበር አሉ። ለዚህ ይሆናል ግድግዳው እንዲያ የወፈረ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ በሩ ግን አንድ ብቻ የሆነው። ሕመምተኞቹ ሲቀሩ የመብራቱ ጠባቂዎች ገቡበት። የመጨረሻው ጠባቂ የእናቴ አባት ነበር። እናቴና አጎቴ ተወልደው ያደጉት እዚያ ነው። አያቴ ልጆቹ ወተት እንዳያጡ ብሎ ከማዶ ጥቂት ፍየሎች በጀልባ አመጣ። የደሴቲቱ ጣጣ የጀመረው ያን ቀን ነው።

መብራቱ በራሱ የሚበራ በራሱ የሚጠፋ ሲሆን ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ማዶ ተሻገረ። ፍየሎቹን ግን አያቴ "ለጊዜው እዚሁ ይቆዩ" ብሎ ተዋቸው። ለጊዜው የተባለ ነገር መቼም ማለቂያ የለውም። እናቴ አድጋ፣ አግብታ፣ እኔን ወልዳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ደሴቲቱ ጥብቅ ስፍራ ተብላ ጠባቂ ሲፈለግላት ተመልሳ መጣች። የጠበቃት የልጅነት ደሴቷ አልነበረም። ቁጥቋጦው እስከ ሥሩ ተግጧል፤ አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ባሕር ገብቷል፤ ወፎቹም የሉም።

የወፎቹን ነገር ስታወራ ድምጿ ይለወጥ ነበር።

"ባለቆቦች ነበር የምንላቸው። ነጭ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ጥቁር ቆብ፣ ጭራቸው እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ። ከባሕር ማዶ መጥተው፣ ጎጆ እንኳ ሳይሠሩ፣ መሬት ላይ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እኔና አጎትሽ ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ እንዳንረግጥባቸው በጣታችን ጫፍ ነበር የምንራመደው። እናታችን ከበር ሆና ስትጠራን በጩኸታቸው አንሰማትም ነበር።"

እኔ ከንፋስ በቀር ድምፅ የሌላትን ደሴት እያየሁ የምታፌዝብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት ባለመነጽሯ መጣች። ከጥብቅ ስፍራዎች ቢሮ የምትላክ ወጣት ባለሙያ ናት፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ባለ ሦስት እግር መነጽሯን በሸራ ጠቅልላ ስለማትለየው አጎቴ ነው ስሙን ያወጣላት። የእናቴም ጥቅልል መነጽር ነው ብዬ አምን ነበር። ቁመቱ ያው፣ ሸራው ያው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እነሱ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይጠጣሉ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ለሙሽራ ጡጦዋን እሰጣለሁ።

ሙሽራ ፍየሌ ናት። እናቴ አንድ ቀን ከኮረብታው ስትመለስ በጃኬቷ ውስጥ አቅፋ ያመጣቻት ግልገል ነበረች። ከግንባሯ እስከ ጀርባዋ የወረደ ነጭ ጸጉር ስለነበራት ሙሽራ አልኳት። "እናቷስ?" ስላት "ገደል ገባች" አለችኝ እማዬ፣ ፊቷን አዙራ። እኔ አሳደግኋት። አልጋዬ ሥር ትተኛለች፣ ከሳህኔ ትበላለች፣ ስጠራት ትመጣለች። ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ተከትላኝ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

ገደል የገባች ፍየል አልነበረችም። እናቴ ደሴቲቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮሰችው በሙሽራ እናት ላይ ነው፤ ግልገሏን ያገኘቻት ሬሳው ጎን ቆማ ጡት ስትፈልግ ነው። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ነገረችኝ፣ ሽንኩርት እየከተፈች።

"እትዬ፣ ባለቆቦቹ ባለፈው ዓመት ደሴቲቱን ዞረዋት ነበር" አለች ባለመነጽሯ። "ከላይ አይተው አለፉ፤ የሚያርፉበት ጥላ የለማ። ዘንድሮ ዝናቡ ቁጥቋጦውን ሲያበቅለው ፍየል ካልበላው ያርፋሉ። ግን ወፎቹ ሳይደርሱ ፍየሎቹ መውጣት አለባቸው።"

"ይወጣሉ" አለች እናቴ።

"ሁሉም ነው የምልሽ። አንዲት እርጉዝ ፍየል ከቀረች በጥቂት ዓመት መንጋው ተመልሶ ይሞላል። ቢሮው ደግሞ ትዕግሥቱ አልቋል። ዘንድሮም ወፍ ካልመጣ ደሴቲቱን ከጥብቅነት እናወጣታለን፣ ጠባቂም አያስፈልጋትም እያሉ ነው።"

"ቢሮሽ የፈለገውን ይበል። አባቴ ያገባውን እኔ አወጣዋለሁ።"

"ቀላሎቹን እኮ ጨርሰሻል። የቀሩት ሰው ሲያዩ ገደል የሚገቡት ናቸው። በምን ታገኛቸዋለሽ?"

ባለመነጽሯ ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። "ፍየል ብቻዋን መኖር አይሆንላትም። አንዲቱን ደወል አስረው ሲለቋት የተደበቁትን ፈልጋ ታገኛለች። ሌላ ቦታ ተሞክሯል። ደወሉን መከተል ብቻ ነው።"

የእናቴ ፊት ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ። እኔን አላየችኝም፤ ያየችው ሙሽራን ነው።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነበር፦ ፍየሎቹ ቤት ሊቀይሩ ነው። በመጡበት ጀልባ ወደ ማዶ፣ ሣር ወዳለበት፣ አጎቴ ግቢ። የእኔ ፍየል ደግሞ ዘመዶቿን የምትጠራ ትልቅ ሰው ልትሆን ነው። ኩራት ተሰማኝ።

ደወሉ የአያቴ ጀልባ ደወል ነበር፤ በጭጋግ ጊዜ የሚደወል፣ ከናስ የተሠራ። አጎቴ በቀይ ቀበቶ አድርጎ አንገቷ ላይ አሰረላት። "በሉ እንግዲህ፣ ሙሽራችንን ሸኙ!" እያለ ቀለደ። ገላዋን አጠብኳት፣ ጸጉሯን አበጠርኩላት። "ዘመዶቿን ልትጠራ ነው አይደል?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"አዎ" አለች። ይህኛው እውነት ነበር።

ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ኮረብታው ድረስ ወስደው ለቀቋትና ድንጋይ ጥግ ተደብቀው ጠበቁ። ሙሽራም ከእነሱ ቀድማ ቤት ገባች። በማግስቱም እንዲሁ። አጎቴ እያለከለከ ደርሶ ሙሽራን አልጋዬ ላይ ትራሴን ስታኝክ ሲያገኛት ሳቁ ቤቱን ሞላው።

"ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ! እኛ ገደል ለገደል፣ እሷ አልጋ ላይ!" አለ። "ወገኖቼ፣ ይቺ ፍየል መሆኗን አልነገራችኋትም እንዴ?"

ባለመነጽሯ አልሳቀችም። "እውነቱን ነው። በሰው እጅ አድጋ ሰው ነኝ ብላለች። ዘመዶቼ የምትለው እናንተን ነው። ይህን ማሰብ ነበረብን።"

"ሌላ ፍየል የለንም" አለች እናቴ። "እሷው ፍየል ትሆናለች።"

ያን ምሽት ጡጦው ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ። ሙሽራ ከአልጋዬ ሥር ተነስታ ውጭ፣ ከበሩ ደረጃ ጎን እንድታድር ተደረገ። ቀጥሎ በሩ ተዘጋባት። እናቴ ኮረብታ ወስዳ ትተዋታለች፣ ሙሽራ ትመለሳለች፣ እናቴ በመጥረጊያ ታባርራታለች፣ ሙሽራ ዞራ መጥታ ደጃፉ ላይ ትጮሃለች። የፍየል ጩኸት ከልጅ ልቅሶ አይለይም። እኔ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። እናቴ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መጥረጊያዋን እንደ ዘብ ይዛ ትቆማለች። አንዴ ካለች አለች ነው፤ ወይ ፍንክች! ያኔ ጠላኋት። ከልቤ ነው የምለው። ስታናግረኝ ግድግዳውን እያየሁ ዝም ማለት ጀመርኩ።

በመጨረሻ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

"እኔ ሳባርራት ትመለሳለች። የምትሰማው አንቺን ነው" አለችኝ። "አንቺ ካላባረርሻት ዘመዶቿን አታውቃቸውም። ወፎቹ ሲመጡ ፍየል እዚህ አይኖርም፤ ዘመዶቿን ሳትጠራ ከቀረች ምን ይውጣታል?"

"ከጠራቻቸው ሁሉም ይሄዳሉ?"

"ሁሉም ይሄዳሉ።"

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጠዋት ኪሴን በጠጠር ሞልቼ ወጣሁ። ሙሽራ ስታየኝ እየዘለለች መጥታ ራሷን ሆዴ ላይ አሻሸች። ገፋኋት። ጨዋታ መሰላት፤ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ጠጠር እግሯ አጠገብ ወረወርኩ። ሁለተኛው ጎኗን መታት። ቆማ አየችኝ። "ሂጂ! ሂጂ ከዚህ!" እያልኩ እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ፣ ኮረብታው ወገብ ድረስ አባረርኳት። ስትቆም እወረውራለሁ፣ ስትዞር እጮሃለሁ። ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። ደወሏ ከላይ፣ ከድንጋዮቹ መሃል እስኪርቅ ድረስ አልተመለስኩም። ቤት ስገባ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች፤ አልፌያት ገባሁ።

ልጅ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠየቅ አሁን ሳስበው ይከብደኛል። እናቴን ግን አውቃታለሁ። ሌላ መንገድ ብታገኝ ኖሮ ያን ጠጠር በእኔ ኪስ አትጨምርም ነበር። መንገድ ስታጣ ደግሞ የምታቆም ሴት አልነበረችም።

ሙሽራ አልተመለሰችም። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወሏ ከገደሉ አካባቢ ተሰማ። እናቴ ሸራዋን አንግታ ወጣች። የአጎቴም ጀልባ ተበላሸች።

ቀጠቀጥን። ከዚያ አጎቴ ወደ ሌላኛው ዳርቻ ጀልባዋን አዞረና፣ ከሰዓት በኋላ በድንኳን ሸራ የተሸፈነ ነገር ጭኖ በፊታችን አለፈ። ከጠጠሩ ላይ ቆሜ "እነሱ ናቸው?" ብዬ ጮህኩ።

"እነሱ ናቸው! ባሕር እንዳያዞራቸው ተኝተዋል። አትቀስቅሻቸው!"

አጎቴ ደግ ውሸታም ነበር። ውሸቱን አሳምሮ፣ አስጊጦ ነበር የሚሰጥህ። እጄን አውለበለብኩላቸው። ማታ ሲመለስ ሥጋ ይዞልን መጣ፤ ከገበያ ነው አለ። በእነዚያ ሳምንታት ሥጋ አልጠፋብንም። እኔ ጠግቤ እበላለሁ፤ እናቴ ግን "ሆዴን አሞኛል" እያለች ዳቦና ሻይ ብቻ ትቀምሳለች። ሆዷ ያን ያህል ጊዜ የሚያማት ሰው ሐኪም ቤት አለመሄዷ ይገርመኝ ነበር።

ሙሽራ ያገኘቻቸው ዘመዶቿ በተጓዙ ቁጥር ብቻዋን ትቀራለች፤ ብቻዋን ስትቀር ሌሎችን ትፈልጋለች። ደወሉ አንዴ ከማማው ጀርባ፣ አንዴ ከታች ዋሻዎቹ ጋ ይሰማል። "እሷ ራሷ ለምን አትሳፈርም?" አልኩት አጎቴን።

"ጠሪ መቼ ቀድሞ ይሄዳል፣ ምክትል? ጠሪ ሁሉን አሳፍሮ በመጨረሻ ነው" አለኝ። መዶሻውን ግን ያን ቀን ከመቼውም አብልጦ ነበር የሚያሳርፈው።

ዝናቡ መጣ። ኮረብታው አረንጓዴ ለበሰ፤ እናቴ "ይኸው፣ ይኸው" እያለች በየቁጥቋጦው ሥር ትንበረከካለች። ከፍየሎቹ አንድ ሽማግሌ አውራ ፍየል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጺሙ መሬት የሚነካ፣ ሰው ሲመጣ ገደሉ ላይ ጥፍር የማያስገባ ቦታ የሚቆም። ሙሽራ እሱንም አገኘችው። ያን ቀን ብዙ ቀጠቀጥን።

ከዚያ በኋላ በነበረው ምሽት፣ ራት ልንበላ ስንቀመጥ፣ ደወሉ በራችን ላይ ጮኸ።

ዘልዬ ተነሳሁ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ቆይ" አለች። ሙሽራ በሩን በግንባሯ ትመታዋለች። "እማዬ፣ መጣች እኮ! ናፍቄያት መጣች!" እናቴ አልለቀቀችኝም። "ሌላ ካለ ትመለሳለች። ሌላ ከሌለ ትቆያለች። ማየት አለብን።"

ሙሽራ አልሄደችም። በዝናብ ውስጥ፣ ድሮ ታድርበት በነበረው የደረጃው ጥግ አፈሩን በጉልበቷ ቆፍራ ተኛች። ሲነጋ ተነስታ ጮኸች፤ ሲመሽ ጮኸች። እናቴና አጎቴ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ፤ ባለመነጽሯ መጥታ ከማማው ላይ ጥጋ ጥጉን ሁሉ አየች። አዲስ ኮቴ የለም፣ አዲስ በጠጥ የለም፣ የተነካ ቅጠል የለም። እኔ ናፍቆት ነው ያመጣት ብዬ አሰብኩ፤ ትልልቆቹ ሌላ የምትሄድበት ዘመድ ስለሌላት ነው ብለው አሰቡ። ዛሬ ሁላችንም ልክ እንደነበርን ይሰማኛል።

"ጨረስን ማለት ነው እትዬ" አለች ባለመነጽሯ፣ እርጥብ ጫማዋን እያወለቀች። ደስ ሊላት ሲገባ ድምጿ ደክሞ ነበር። "የቀረችው እሷ ብቻ ናት።"

እናቴ ተነሳች። ከጥግ ያለውን የሸራ ጥቅልል አነሳች። አጎቴ አይኑን ጨፈነ። ይህን ሁሉ ያየሁት ሳይገባኝ ነው፤ ግን የገባው አካል ነበረኝ መሰለኝ፣ መዶሻዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በሩን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምኩ። ልክ እንደ እሷ።

"ሙሽራ በጀልባ ነው የምትሄደው" አልኩ። "ጠሪ በመጨረሻ ነው የሚሳፈረው። ጀልባዋን እኔ ነኝ የጠገንኳት፤ እኔ አሳፍራታለሁ።"

"ከበሩ ዞር በይ፣ ልጄ።"

"አልዞርም።"

ወይ ፍንክች። ከማን ልማረው? ጀርባዬ ላይ በሩን ሙሽራ ትመታዋለች፤ ከፊቴ እናቴ ቆማለች። ፊቷ ላይ እስከዚያ ቀን አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ከዚያ ጥቅልሉን ለአጎቴ ሰጠችው፣ መጥታ ከራሴ በላይ መወርወሪያውን ሳበችና በሩን ከፈተችው። ሙሽራ እርጥብ እንደሆነች ገብታ በሁለታችን መሃል ቆመች። አጎቴ አፍንጫውን በኃይል ተናፈጠ።

"በጀልባ ነው" አለች እናቴ። "ነገ ጠዋት።"

ባሕሩ ጸጥ ያለ ቀን ነበር። ሙሽራን አቅፌ ቀዘፋውን እየሰማሁ፣ ዘመዶቿ ሲያዩዋት ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ተሻገርን። የአጎቴ ግቢ በር ላይ ስንደርስ ቀድሜ ሮጥኩ።

ግቢው ውስጥ የተሰጣ መረብ አለ። አንድ የተገለበጠ በርሜል አለ። ግድግዳው ላይ በግ እንኳ ታስሮበት የማያውቅ ገመድ ተንጠልጥሏል። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጎረቤት ግቢ አጮለቅሁ። ተመልሼ አጎቴን "የት አሉ?" አልኩት። ያ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣ ሰው አፉን ከፍቶ ዘጋው።

እናቴ ፊቴ ተንበረከከች። ሁለቱንም እጆቼን ያዘች።

"የሉም" አለች። "አንድም የለም። ሁሉንም እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

"በምን?"

"በሸራ በጠቀለልኩት።"

አሰብኩ። ቀስ እያልኩ አሰብኩ፤ አንዱን ከአንዱ እያገጣጠምኩ። "መዶሻውስ?" አልኩ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። ሥጋውን አልጠየቅኩም።

"ሙሽራንስ ለምን ተውሻት?"

"ልገድላት ነበር" አለች እናቴ። ያን ቀን አንዲትም ውሸት ላለመናገር የወሰነች ትመስል ነበር። "ግን ደጄ ድረስ መጥታለች። ኮረብታ ላይ የሸሸኝን ገድያለሁ። ደጄ የመጣን አልገድልም።"

ሙሽራ አጎቴ ጋ ቀረች። ኋላ ሌሎች ፍየሎች ገዛላት፤ ከእነሱ ጋር ትውላለች፣ ማታ ግን መጥታ የምትተኛው የቤቱ በር ላይ ነበር። አርጅታ ነው የሞተችው። ደወሉን አጎቴ ከአንገቷ ፈትቶ ጀልባው ላይ መልሶ ሰቀለው። እኔ ስንመለስ መሃል ባሕር ላይ መዶሻዬን ውሃ ውስጥ ጣልኩት። እናቴ አየችኝ።

ያን ሰሞን ከእናቴ ጋር አልተነጋገርኩም። በወፎቹም ላይ ምዬ ነበር፤ ቢመጡ አላያቸውም አልኩ። መጡ። አንድ ጠዋት ከሰማይ እንደ ዛገ ማጠፊያ ያለ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሰማዩ ሁሉ። እናቴ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ወጥታ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። በመስኮት አየኋት። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ጆሮዬን ደፈንኩ። ለእነሱ ሲባል፣ ለዚህ ጩኸት ሲባል ነው ይህ ሁሉ የሆነው እያልኩ ጥርሴን አፋጨሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናቴ ለመውጣት በሩን ገፋ አድርጋ፣ ወዲያው መልሳ ገረበበችው። በጣቷ ጠራችኝ። መጠየፌን እንድታይ እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

በስንጥቁ አየሁ። ከደረጃው ጥግ፣ ሙሽራ በጉልበቷ ቆፍራ በተኛችበት ጎድጓዳ ውስጥ፣ አንዲት ባለቆብ ተቀምጣለች። በሩ አንድ ክንድ እንኳ አይርቃትም። ላባዋ በዝናብ ተጣብቋል። አየችን፤ ምንቃሯን ከፈተች፤ ግን አልተነሳችም። ከሆዷ ሥር የእንቁላሉ ጫፍ ይታያል።

"በሩን ከከፈትነው ይነካታል" አለች እናቴ በሹክሹክታ። "ከሸሸች አትመለስም።"

ግንባሬን ወደ ስንጥቁ አስጠግቼ ወፏን አየኋት።

"ለሙሽራ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይሄንን አንቺ ወስኚ" አለች። ፈቀቅ ብላ መወርወሪያውን ለቀቀችልኝ።

እጄን መወርወሪያው ላይ አደረግሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ግፊያ ብቻ ነው የቀረው። ወፏ በዝናቡ ውስጥ ኩርምት ብላ፣ ከትልቁ በር ፊት፣ የሙሽራን ቦታ ሞልታ ተቀምጣለች። ሌላ የምትሄድበት ደሴት ሁሉ እያለላት ደጃችንን መርጣ መጥታለች። ተናደድኩባት። ምን ያህል እንደተናደድኩባት አልረሳውም። ከዚያ እጄን አነሳሁ፣ ወንበር ጎትቼ መስኮቱ ሥር አደረግሁና በመስኮት ወጣሁ።

እናቴ ተከተለችኝ። አጎቴ ዱቄት ተሸክሞ ሲመጣ በመስኮት እንዲገባ ተነገረው፤ ሆዱ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ቀርቶ፣ "ምክትል፣ ግፊኝ እንጂ! ካፒቴን በመስኮት ሞተ ሊባል ነው!" እያለ ሲጮህ ከሙሽራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ጫጩቷ ተፈልፍላ፣ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ እስክትሄድ ድረስ በዚያ በር ማንም አልወጣም፣ ማንም አልገባም።

እናቴ ከሞተች ወዲህ የደሴቲቱ ጠባቂ እኔ ነኝ። ከቢሮ የሚመጡ ሰዎች በሩ ለምን አይከፈትም ይሉኛል። ወፎቹ በሚመጡበት ወቅት አይከፈትም እላቸዋለሁ። ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነው።